አቁምልኝ ታጁ

ወሬውን ያመጣችው ሐቢባ ናት። ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ አንዷ ለአንዷ ስታንሾካሹክ ሰምታ፣ ፊቷ ላይ የቦነነውን ዱቄት እንኳ ሳትጠርግ ጎረቤቷ ኸሊዳ ቤት ከተፍ አለች።

«ኸሊዳ፣ ሰማሽ? አውቶቡሱን ሊወስዱት ነው አሉ!»

«የቱን አውቶቡስ?»

«ስንት አውቶቡስ አለን አንቺዬ? ከሎጊያ ሰመራ የሚሄደውን ነዋ! ለሙከራ ነበር የሰጡን። ሰዓቱን አልጠበቀም ተብሎ በወሩ ማለቂያ ይነሳል አሉ።»

ኸሊዳ የሳምቡሳ ሊጥ በነካው እጇ ጉንጯን ያዘች። የልጅ ልጇ ኢናስ ሰመራ አዋላጅነት ትማራለች። አውቶቡሱ ሳይመጣ በፊት በየቀኑ መመላለሱ አልሆን ብሎ፣ አባቷም «ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ አትኖርም» ብሎ፣ ትምህርቱ ሊቀር አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። አውቶቡሱ ደረሰላት። አሁን ጠዋት ሄዳ ማታ እናቷ ቤት ትገባለች። ኸሊዳም ለዚያ አውቶቡስ ዱዓ ሳታደርግ ከመስገጃዋ ተነስታ አታውቅም፤ ለሞተሩ፣ ለጎማው፣ ለሹፌሩ ለታጁ ሳይቀር።

«ማነው ሰዓቱን ያጠፋው?» አለች።

«ሰው ነው አሉ። በየደጁ እያስቆመ።»

«አዬ! የዚህ አገር ሰው እኮ ሥርዓት የለውም!»

በማግስቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ኸሊዳ የሳምቡሳ ባልዲዋን ይዛ እንደ ወትሮዋ ደጇ ላይ ቆመች። ሰመራ መሥሪያ ቤቶቹ በር ላይ ነው የምትሸጠው። ፌርማታው ከቤቷ መቶ እርምጃ አይሞላም፣ ግን ምን አስኬዳት? ታጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳምቡሳ ያጎረሰችው እሷ ናት፤ እምቢ የሚልበት አፍ ከየት ያመጣል? አቆመላት። ገብታም ጉልበቱ ላይ ደብተር ያስቀመጠ ቀጭን ጎልማሳ አጠገብ ተቀመጠች።

«የማን ልጅ ነህ? አላውቅህም።»

«ስዩም እባላለሁ እማማ። የከተማው ትራንስፖርት ክፍል ነው የምሠራው።»

የኸሊዳ ዓይን በራ። ወሬ ከምንጩ! «አሃ! አውቶቡሳችንን የምትወስደው አንተ ነህ?»

«እኔስ መውሰድ አልችልም። የምጽፈው ነገር ግን ወይ ያስቀረዋል ወይ ያስወስደዋል።»

«እንግዲያ ጥሩ ጥሩውን ጻፍ!» አለችና በመስኮት ብቅ ብላ ጮኸች። «አቁምልኝ ታጁ! ደራርቱን አንድ ነገር ልጠይቃት!» አውቶቡሱ የደራርቱ ሻይ ቤት ፊት ቆመ። «ደራርቱ! የእህትሽ ልጅ ሰርግ ቀረ የሚሉት እውነት ነው?» ደራርቱም ከነምክንያቱ፣ ከነሽማግሌዎቹ ስም አስረዳች።

ስዩም ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጫረ።

ትንሽ እንደሄዱ ሐጂ ጀማሉዲን፣ ያ የስኳርና የዘይት አከፋፋይ፣ መጋዘኑ በር ላይ እጁን አነሳ። አውቶቡሱ ቆመ። ሐጂ ለሠራተኞቹ የቀኑን ትእዛዝ ሰጠ፤ ቁልፉን ፈለገ፤ ጫማውን ቀየረ፤ ገባ። ስዩም ጫረ። ከዚያ አንዷ ከበሯ፣ አንዱ ከጋራዡ፣ አንዱ ጥርሱን እየፋቀ።

«ምንድነው የምትሞነጭረው?»

«አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር አንድ መስመር ነው እማማ። ከሎጊያ ሳንወጣ አስራ ስድስት ሆነ። ፌርማታው ግን አራት ነው።»

«ወላሂ! ይሄ ሰው ሥርዓት የለውም አላልኩም?»

ስዩም ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለቱ የእርስዎ ናቸው።»

ኸሊዳ ተቆጣች። «እኔማ አሮጊት ነኝ! ጉልበቴ አይታዘዝ፣ ባልዲው ከባድ! ደግሞ ባጃጅ እንኳ ከደጄ ነው የሚያነሳኝ። አውቶቡስ ከባጃጅ ካነሰ ትልቅነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ባጃጁን ሲይዙት የእርስዎ ነው። ይሄኛው ግን የስልሳ ሰው ነው። እርስዎ ሁለት ደቂቃ ሲያስቆሙት ከስልሳው ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ወሰዱ ማለት ነው። በዚህ የተማረረ ሰው ተመልሶ ባጃጅ ይይዛል። ስልሳ ሰው በባጃጅ ልሂድ ቢል ደግሞ ሃያ ባጃጅ ነው፤ ከሚሌ በሚወርደው ተሳቢ መሐል ሃያ ባጃጅ! ጭሱን ይተዉት፣ የነዳጁን ሰልፍ ይተዉት። አደጋውን ያውቁታል።»

አደጋውንማ ታውቃለች። ሎጊያ ውስጥ በዚያ መንገድ ያላለቀሰ ቤት የለም። ግን በአንዴ መሸነፍ ልማዷ አይደለም።

«እሺ፣ ሁለት ደቂቃ ማንን ገደለ?»

«ይሄው አውቶቡስ እኮ ነው ተመልሶ ሁለተኛውን ዙር የሚጭነው። እኛ እዚህ ስንዘገይ እዚያ ተማሪዎቹ ቆመው ይቀራሉ። ትናንት አንዲት አዋላጅነት የምትማር ልጅ ፌርማታ ላይ ስታለቅስ አገኘሁ። ሦስት ጊዜ አርፍዳለች። አራተኛ ካረፈደች ዓመቱን ትደግማለች።»

ኸሊዳ ባልዲዋን ጠበቅ አደረገች። «ስሟን ነገረችህ?»

«ኢናስ ነው ያለችኝ።»

ኸሊዳ ዝም አለች። ኸሊዳ ዝም ማለቷ ራሱ ሎጊያን አንድ ሳምንት የሚያስወራ ነው። ልጅቱ ለአያቷ ትንፍሽ አላለችም፤ አውቶቡሱን ማን እንደሚያስቆመው ታውቃለቻ!

የዚያ የድርቅ ጊዜ የውሃ ቦቴ ትዝ አላት። ቦቴው ሲመጣ ከፊት ያሉት ቱቦውን እየጎተቱ በየበራቸው በርሜል ሲሞሉ፣ ሲያፈሱ፣ ጫፍ ላይ ያሉት ባዶ ጀሪካን ታቅፈው ይመለሱ ነበር። ኸሊዳ ያኔ ጫፍ ላይ ነበረች። ከፊት የነበሩትን ስንት ረግማቸዋለች! አሁን ቱቦውን የያዘችው እሷ ሆና፣ ጫፍ ላይ የቆመችው ኢናስ ሆና ተገኘች።

«ያ ረቢ፣» አለች ቀስ ብላ። «እኔው ነኛ።»

«እርስዎ ብቻ አይደሉም እማማ።»

«ተወኝ፣ አታባብለኝ። ግን ልጄ፣ አንተም እዚህ ላይ አጥፍተሃል። በዚያ በስምንት ሰዓት ፀሐይ፣ ፌርማታ ብለህ የተከልከው ብረት ሥር ማን ቆሞ ይጠብቃል? ድመት እንኳ አትቆምም።»

ስዩም አንገቱን ደፋ። «እውነትዎን ነው። ጥላ እንዲሠራ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ለዘንድሮ በጀት አልደረሰም።»

«ጥላ በደብዳቤ መጥቶ ያውቃል? ሰሌን የለም? እንጨት የለም?»

ማታውኑ ስዩም ያላትንም የጥላውንም ነገር ለሐቢባ ነገረቻት፤ «ለማንም እንዳትተነፍሺ» ብላ። ከዚህ የፈጠነ ማስታወቂያ የለም። በነጋታው ከተማው ሁሉ አወቀ። የአፋር ሴቶች ሰሌን አመጡ፤ በዚህ ሐሩር ጥላ መሥራትን ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? አስካለማርያም፣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ ከኸሊዳ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየተጣላች እየታረቀች የኖረች ጓደኛዋ፣ የውሃ ማሰሮ ይዛ መጣች። ስዩም ራሱ ሸሚዙን ሰብስቦ ጉድጓድ ቆፈረ። በሦስት ቀን አራቱም ፌርማታ ጥላ አገኘ፤ ሰውም በየደጁ ማስቆሙን ትቶ ከጥላው ሥር ይጠብቅ ጀመር።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! አውቶቡሱ ሰዓቱን ሲይዝ ሰው አመነው፤ ሰው ሲያምነው ባጃጁ ከጅቡቲው መንገድ ቀነሰ። ነፍሰ ጡሯ ለክትትሏ በሰዓቱ ደረሰች፣ አስተማሪው ደወል ሳይደወል ገባ፣ ኢናስም አላረፈደችም። የኸሊዳም ጉልበት፣ መቶዋን እርምጃ በየቀኑ ሲለምድ፣ ተፍታታ። ጥላው ሥር ደግሞ በመስኮት ከመጮህ የተሻለ ወሬ አገኘች፤ ሰው ተቀምጦ ነዋ የሚያወራው! «አልሀምዱሊላህ፣ ለዚህ ለቀጭኑ ልጅ ዕድሜ ይስጥልኝ» ትላለች፣ ከዱዓዋ ላይ ስዩምን ጨምራ።

የወሩ ማለቂያ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ለንግድ ሄዶ የሰነበተው ሐጂ ጀማሉዲን ከመንገድ ተመለሰ። ጠዋት እንደ ልማዱ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ እጁን አነሳ። ታጁ ላብ ላብ እያለው አለፈው፤ ፌርማታው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሐጂ እያለከለከ መጥቶ ገባ።

«ታጁ! እኔን? አባትህ የሚያከብረኝን ሰው አልፈኸኝ ትሄዳለህ? ነገ ከበሬ ካላነሳኸኝ እንተያያለን!»

አውቶቡሱ ተንጫጫ። «ለሐጂ እንኳ ቢቆም ምናለበት?» አለ አንዱ። «ለሐጂ ከቆመማ ለእኔም ይቁም!» አለች ሌላዋ። «እኔስ፣ ወገቤ እንዲህ እያመመኝ?» ታጁ በመስታወቱ ኸሊዳን አያት። ስዩም ደብተሩን ገልጦ እስክሪብቶውን ያዘ፤ እጁ ግን አልጻፈም። ኸሊዳም ዓይኗን ወደ ባልዲዋ መለሰች፤ ከሳምንታት በፊት እሷስ ማን ነበረች?

ያን ጊዜ አስካለማርያም ከኋላ ወንበር ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣

«ሐጂ፣ ፈጣሪ ሐጅዎን ይቀበልዎትና፣ መካ ሲሄዱ አውሮፕላኑ ከመጋዘንዎ በር ላይ ነው የተነሳው?» አለች።

ሐጂ ጢሙን እየዳበሰ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ፤ ታጁ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ሳይቆም ነዳ፤ ስዩምም አንድም መስመር ሳይጭር ደብተሩን አጠፈ።