እርጥብ ጆንያ የለበሰው ጀሪካን

ከኮኪት ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ ነጋዴ አጠገባቸው ያለውን ወጣት ውኃ ጠየቁት። ወጣቱ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ጀሪካን በእግሮቹ መካከል ይዟል።

«ውኃ አይደለም፣ ሐጂ።»

«በዚህ ሐሩር ውኃ ትነፍገኛለህ?»

«እውነቴን ነው። የጤና ጣቢያችን ላብራቶሪ ወደ መተማ እየተዛወረ ነው። ይኼ ፎርማሊን ነው፤ መርዝ።»

«ታዲያ ከሌላው ዕቃ ጋር በአይሱዙ አትልከውም ነበር?»

«የሰሊጥ ሠራተኞች ከላይ ተሳፍረውበታል። ውኃ መስሏቸው እንዳይጠጡት ፈርቼ ራሴ ያዝኩት።»

«እኛስ እዚህ ያለነው?»

«ክዳኑን በደንብ አጥብቄዋለሁ።»

«እሺ። ጆንያውን ማን አለበሰው?»

«እኔ። በሙቀት ይተናል። ሰዉ ሁሉ ጀሪካኑን እንዲህ ሲያለብስ አይቼ፣ ቀዝቀዝ ይበል ብዬ ነው።»

«ሰዉማ የሚያለብሰው የሚጠጣውን ውኃ ነው። እኔ እንኳ ይሉኝታ ይዞኝ ጠየቅሁህ፤ ሌላው መውረጃው ላይ አስቀምጠኸው ዞር ስትል አንሥቶ ይጠጣዋል።»

«መርዝ ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል እኮ።»

«የት ላይ?»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ እርጥቡን ጆንያ በእጁ ዳሰሰ።

«ከጆንያው ሥር።»

«በል ፍታው፣ ልጄ። መተማ ሳንደርስ ፍታው።»

ከኋላዬ ገመዱ ሲፈታ እየሰማሁ፣ ኮኪት ላይ ስንሳፈር ከዚያው ጀሪካን አንድ ጉንጭ ልለምነው አስቤ እንደ ነበር ለማንም ሳልናገር ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።