ሽማግሌውን ማን አወረደው?

አቶ ወልደአምላክ ጋዜጣ ሊያነቡ አሌክሳንድሪያ ካለው ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ኤፍራታን አንገቷን ደፍታ አገኟት። እኚህ ሰው አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ እዚህ በስደት ደግሞ ኤርፖርት ውስጥ አቅመ ደካማ ተሳፋሪዎችን በዊልቸር የሚገፉ፣ የሊቅ ስም ሲጠራ ብድግ ሊሉ የሚቃጣቸው ናቸው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ፕሮፌሰሯ ስለ አንድ ግጥም የጻፍኩትን ፔፐር መለሰችብኝ፣ ጋሼ። እርስዎ እንዳሉኝ ሰባት ምሁራን ጠቅሼ ነበር። ‹ያንቺ ሐሳብ የታለ? እስከ ሰኞ አምጪ› አለችኝ። ይሄን ክላስ ፌይል ካደረግሁ ነርሲንግ አልገባም።»

ነገሩ ከነከናቸው፤ ምክሩ የራሳቸው ነበርና። ጥፋታቸውን ግን ቶሎ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም።

«መቶ ዓመት ሲመረመር በኖረ ግጥም ላይ አንቺ ምን ትጨምሪያለሽ? ትልልቆቹ ጨርሰውታል። የእነሱን መድገም ማክበር ነው።»

«እነሱንማ እሷም አንብባቸዋለች። ታዲያ እኔን ለምን ትጠይቀኛለች?»

«እስቲ ግጥሙን ንገሪኝ፤ የቀረ ነገር እንደሌለ አሳይሻለሁ።»

ኤፍራታ ወደ አማርኛ እየመለሰች ነገረቻቸው። አንድ ያረጀ የመርከብ አዛዥ ባሕሩን ሊሰናበት ከኮረብታው ወደ ዳርቻው ያወርዱታል። ማዕበሉን እያየ ያለቅስና «መልሱኝ» ይላል። ሰባቱም ምሁራን ባሕሩ ሞት ነው ብለዋል።

አቶ ወልደአምላክ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ማን ነው ያወረደው?»

«‹አወረዱኝ› ነው የሚለው። ስም የለም።»

«ሰው ይዞ ቁልቁለት መውረድ ወገብ እንዴት እንደሚቆርጥ እኔን ጠይቂኝ። ሽማግሌው ያወረዱትን ሰዎች አንዴም ዞሮ አላያቸውም?»

ገጹን ደጋግማ አየች። «አላያቸውም። ከሰባቱም ይህን ያነሳ የለም።» ከዚያ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ‹መልሱኝ› ሲል እኮ አሁንም እያዘዘ ነው። የሚሰናበተው ባሕሩን አይደለም፤ ማዘዝን ነው። እሱን ግን ገና መተው አልቻለም።»

አዛውንቱ በገዛ አፋቸው ተረቱ፤ ደስም አላቸው።

«ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «መጀመሪያ ግጥሙን ብቻሽን አንብቢ። ያልገባሽ ቦታ ላይ ቁሚ፤ መልሱን ከግጥሙ ፈልጊ። ምሁራኑን ከዚያ በኋላ ጥሪያቸው፤ ያኔ የምታወሪያቸው ነገር ይኖርሻል።»

ኤፍራታ ሰኞ አስረከበች፤ በሳምንቱ አልፋ መጣች። የፔፐሩን የመጨረሻ ገጽ አሳየቻቸው። ከሰባቱ ምሁራን ስም ሥር እንዲህ ይላል፦ «ወልደአምላክ በፈቃዱ፣ የኤርፖርት ሠራተኛ። ጥያቄውን በቃል ያነሱልኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት። በማግስቱ ሥራ ገብተው፣ ዊልቸሩን ከኋላ ከመግፋታቸው በፊት ከተቀመጠችው ተሳፋሪ ፊት ዞረው ቆሙና ስማቸውን ነገሯት።