የውሃው ምስክርነት

ሰኞ ጠዋት ብስክሌቴን ከሆስፒታሉ ደጃፍ ስቆልፍ፣ ሜኔር (አቶ) ኦርትማንስና ፌና ዝናብ ላይ ቆመው ሲከራከሩ ደረስኩ። እኛ የኔዘርላንድ ብራባንቶች ጋ ዝናብ ክርክር አስቁሞ አያውቅም። ሜኔር ኦርትማንስ ጡረታ ከወጡ በኋላም እኔ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ብቅ ማለት ያልተዉ አንጋፋ የባክቴሪያ ባለሙያ ናቸው። ባክቴሪያ በሚዘራበት የካልቸር ሳህን ላይ የበቀለውን ተህዋስ በጠረኑ ይለያሉ፤ ሳህን ማሽተት ከተከለከለ ዘመን ቢያልፈውም እሳቸውን ደፍሮ የሚከለክል አልተገኘም። ፌና ደግሞ የፒሲአር ክፍላችን ኃላፊ ናት፤ ወጣት ናት፣ ለመልስም አትቸገርም።

ያከራከራቸው የቲኑስ ጉዳይ ነበር። ቲኑስ ፍየል አርቢና የሜኔር ኦርትማንስ የካርታ ጨዋታ ጓደኛ ነው። ኢንፌክሽን የልቡን ቫልቭ በልቶት በቀዶ ጥገና ቢቀየርለትም ትኩሳቱ አልለቀቀውም፤ የወጣው ቫልቭ ቁራጭ ለምርመራ ወደ እኛ ተልኳል። የተህዋሱ ስም ካልታወቀ ሐኪሞቹ መድኃኒት የሚሰጡት በግምት ነው፤ ግምታቸው ከሳተ አዲሱም ቫልቭ መበላቱ አይቀርም።

«ካልቸሩ ላይ ምንም አልበቀለም፣ ሜኔር» አለች ፌና። «ከፍየል ወደ ሰው የሚተላለፈው የፍየል ትኩሳት ከሆነ ደግሞ ሺህ ጊዜ ቢዘሩት አይበቅልም። እሱ ሕያው ሴል ውስጥ ካልገባ አያድግም፤ የእርስዎን ሳህን ይንቃል።»

«ሳህኔን የናቀ ስንቱን አይቻለሁ፤ በትዕግሥት ሁሉም ይወጣል። ያንቺ ማሽን ግን የሞተውንም ያለውንም አይለይም። መቃብር ቆጥሮ የከተማው ሕዝብ ይሄን ያህል ነው እንደማለት እኮ ነው።»

«እሱስ እውነትዎን ነው። ግን የዚህ ተህዋስ መቃብርስ ቢሆን ቲኑስ ልብ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሽማግሌው ዝናቡን ረግመው ገቡ።

የፒሲአር ሥራ ደንቡ ጥብቅ ነው። ማሽኑ ከናሙናው ውስጥ የተህዋሱን ዲኤንኤ ቅንጣት አግኝቶ እልፍ አእላፍ አድርጎ ያባዛዋል። ስለዚህ ማሽኑ ክፍል የገባ ሰው በዚያ ቀን የምርመራው ፈሳሽ ድብልቅ ወደሚዘጋጅበት ንጹሕ ክፍል አይመለስም፤ ልብሱ ላይ የቀረችው ብናኝ ሁሉን ታበላሻለች። ከናሙናዎቹም ጎን ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ የያዘ ቱቦ ይገባል። ተህዋስ የለበትምና ውሃው ዝም ማለት አለበት። ውሃው ከተናገረ የማንም ቃል አይታመንም።

በማግስቱ ውጤቱ ሲወጣ የቲኑስ ቫልቭ የፍየል ትኩሳት አለብኝ አለ። ውሃውም አለብኝ አለ።

ሜኔር ኦርትማንስ ሳቃቸው ኮሪደሩን ሞላው። «በይ እንግዲህ፣ ቲኑስን ተይውና ቧንቧውን አክሚ። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ!»

«ይሳቁ ሜኔር፣ ደስ ይበልዎት» አለች ፌና ቀዝቀዝ ብላ። «ማሽኑ ግን አልዋሸም። ውሃውን የምናስገባው እኮ እንዲህ ያለውን ቀን እንዲያጋልጥልን ነው። ለሐኪሞቹ ገና ምንም አልናገርም።»

እኔ በዚህ ቃሏ ልቤ ተነካ። የፈለገችው መልስ እጇ ገብቶ ነበር፤ የሽማግሌው ጓደኛም አልጋ ላይ ነው። ሆኖም ያልጠራ መልስ አልሰጥም አለች። ሽማግሌውም ይህ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ሳቃቸውን ገታ አደረጉ።

«ትናንት ማን ነው ከማሽኑ ክፍል ወደ ንጹሑ የተመለሰው?» ስትል ፌና ጠየቀች።

ሜኔር ኦርትማንስ አፍንጫቸውን አሻሹ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉ ሰው አልነበሩም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ማሽኑ ክፍል ውስጥ ባለፈው ሳምንት የተባዛ፣ ሥራው ያለቀ ቱቦ ነበር። የፍየል ትኩሳት ማመሳከሪያ የሚል ተጽፎበታል፤ ተህዋሱ እንዳለበት የሚታወቀው ናሙና ነው። ከፈትኩና... አሸተትኩት።»

«አሸተቱት?»

«ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው።»

«እና ድብልቁን ሳዘጋጅ ትከሻዬ ላይ ተደግፈው ‹ይሄ ነገርሽ ሽታ የለውም› ያሉኝ ከዚያ መጥተው ነው?»

«ሽታማ የለውም» አሉ ሽማግሌው በጣም አዝነው።

ፌና ልትቆጣ አስባ ሳቋ ቀደማት። ከዚያ ክፍሉ በበረኪና ታጠበ፣ የተከፈተው ድብልቅ ሁሉ ተጣለ፣ ሥራውም ከተረፈው የቫልቭ ቁራጭ እንደ አዲስ ተጀመረ። ሜኔር ኦርትማንስ ከመስታወቱ ውጭ ቆመው ጠበቁ። ገና ውጤቱ ሲታይ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ቫልቩ አልነበረም።

«ውሃው ምን አለ?»

«ዝም ብሏል፣ ሜኔር።»

«ቫልቩስ?»

«ተናግሯል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ደውዪላቸው እንጂ!»

ሐኪሞቹ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ቀየሩ። ቲኑስ መድኃኒቱን ገና ለረጅም ጊዜ ይውጠዋል፤ ትኩሳቱ ግን ለቀቀው። ሽማግሌው በኋላ ሲያጫውቱኝ «ያሳመነኝ ቫልቩ አይደለም» አሉኝ። «ውሃው ነው። አፍንጫዬ በዕድሜዬ ሙሉ አንድም ቀን ‹ዛሬስ አትመነኝ› ብሎኝ አያውቅም።»

ከዚህ ታሪክ አንባቢ የሚይዘው ቢኖር ይህ ነው። ካልቸር ላይ የማይበቅለውን ጠላት አዲሱ ዘዴ ፈጥኖ ስሙን ይነግረናል፣ በሽተኛውንም ከግምት መድኃኒት ያድነዋል። ለሚበቅለው ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ሳህኑ ዛሬም ይመሰክራል፤ ስለዚህ ሳህኑን የሚጥል አይኑር። ከሁሉም በላይ ግን ስህተቱን ራሱ የሚያጋልጥ ዘዴ ከማይሳሳት አፍንጫ ይበልጣል።

ቲኑስ ከሆስፒታል ወጥቶ ሲሰነብት ሙሉ ድብልብል የፍየል አይብ ላከልን። ሜኔር ኦርትማንስ ከፌና መስታወት ማዶ ቆመው፣ እንደ ደንቡ ሳይገቡ፣ አይቡን ከፍ አድርገው አሳዩዋት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አሸተቱት።

«ይሄንንስ» አሉ፣ «ማንም አይከለክለኝም።»