ድሬሰሩና የድልድዩ ዓሦች

ቅዳሜ ጠዋት ከምሠራበት የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ስመለስ፣ በእግረኛው ድልድይ ላይ ጋሽ ድሬሰርን አገኘኋቸው። ሰፈሩ የሚጠራቸው በሥራቸው ነው፤ አርባ ዓመት በክሊኒክ ቁስል ሲጠርጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ወር አልሞላም። የሟቿን የተረፈ መድኃኒት በፌስታል ይዘው፣ ኪኒኑን ከማሸጊያው እየፈለቀቁ ወደ ወንዙ ይጥሉ ነበር።

የእኚህ ሰው ውለታ አለብኝ። በአራት ዓመቴ የአያቴን የደም ግፊት ኪኒን ከረሜላ መስሎኝ ስውጥ፣ ተሸክመውኝ ሆስፒታል የሮጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ በየቤቱ እየዞሩ፣ የተረፈ መድኃኒት ወንዝ ይደፋ እንጂ ቤት አይቀመጥ ብለው አስተማሩ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ቃላቸውን ይጠብቃል። ታዲያ ነፍሴን ያተረፉትን ሰው «ተሳስተዋል» ለማለት አፌ እንዴት ይድፈር?

ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ በወንዙ ውሃ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት እንደምናገኝ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ እያየህ? አንድ ጭብጥ ኪኒን ምን ሊያደርገው? ይዞት ይሄዳል።»

«በሚሄድበትም ዓሣ አለ ጋሼ። የሆርሞን መድኃኒት ባለበት ውሃ የኖረ ወንድ ዓሣ፣ በሰውነቱ ውስጥ እንቁላል መፍጠር ይጀምራል። የጭንቀት መድኃኒት ደግሞ ድፍረት ይሰጠውና ከጠላቱ መሸሹን ይተዋል።»

«ዓሣም ይጨነቃል እንዴ?» አሉና ወዲያው ኮስተር አሉ። «ቤት ላስቀምጠውና እንዳንተ ያለ ሕፃን ይዋጠው?»

ጥያቄያቸው እውነት ነበረው። እኔም አልደበቅኳቸውም፤ ቅሪቱ ከሽንታችን ጭምር ይመጣል፣ እሱን ማስቀረት ይከብዳል፤ በእጃችን የምንደፋውን ግን ዛሬውኑ መተው እንችላለን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተረቱም።

«ያን ቀን ስንት ነበር የዋጥኩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሁለት። እንዴት እረሳዋለሁ?»

«ለሁለት ኪኒን ያን ያህል ለምን ሮጡ?»

«ለትልቅ ሰው የተለካ መድኃኒት ለትንሽ ገላ…» ብለው ቆሙ። ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። ከድልድዩ ሥር ጣት የማያህሉ ዓሦች፣ የወደቀውን ኪኒን ፍርፋሪ መስሏቸው ይጋፉበት ነበር።

ፌስታሉን ቋጠሩት። «ሰፈሩን ሁሉ ያሳሳትኩት እኔ ነኛ» አሉ።

«ልጆቹን የጠበቁልን እርስዎ ነዎት ጋሼ። ግማሹ ሥራ ብቻ ነው የቀረው።»

አደባባዩ አጠገብ ያለው ፋርማሲ የተረፈ መድኃኒት በሣጥን ተቀብሎ፣ በከፍተኛ ሙቀት ወደሚያቃጥል ምድጃ እንደሚልክ ነገርኳቸው። ሰኞ ዕለት ከዘራቸውን ይዘው እንደገና በየቤቱ ዞሩ፤ «የድሮ ትምህርቴን ላርም መጣሁ» እያሉ። ይህን ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው ቢናገረው ማን ይሰማው ነበር? አሁን ሕፃን የሚያገኘው፣ ዓሣ የሚውጠው ኪኒን ቀንሷል፤ ጀርሞችም በወንዙ ውስጥ መድኃኒት ለምደው የማይበገሩ እንዳይሆኑ የድርሻችንን እያደረግን ነው።

የፋርማሲው ሣጥን ውስጥ መጀመሪያ የገባው የባለቤታቸው ፌስታል ነበር። ላመሰግናቸው ስጠጋ ቀደሙኝ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ስህተቴን ለቀብሬ ሳታቆየው በቁሜ ነገርከኝ። ያን ቀን ተሸክሜህ ስሮጥ ወገቤን ጨርሰኸው ነበር፤ ዛሬ ካስከኝ።»