የጋሼ ወርቁ ጥላ

ልጄ በረኛ የሆነችበት የኮሌጅ እግር ኳስ ቡድን ዘንድሮ አንድም ቀን አላሸነፈም። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሜልበርን፣ ላቨርተን ኖርዝ ካለው መጋዘን የሌሊት ሺፍት ጨርሼ እንደወጣሁ፣ ሳልተኛ ሜዳ ዳር እገተራለሁ። ከእኛ ወገን የምንጮኸው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና ጎረቤቴ ጋሼ ወርቁ። ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው፤ እዚያ ኮሌጅ የሚማርላቸው ዘመድ እንኳ የለም። የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት ታዲያ የሜልበርን ዝናብ ወረደብን። ጋሼ ከነላስቲኩ የታጠፈ አዲስ ጥላ በብብታቸው ይዘዋል።

«ኧረ ጋሼ ይዘርጉት፣ በሰበስን እኮ!» አልኳቸው። «አይዘረጋም፤ የገብርኤል ስለት ነው። ቡድናችን አንዴ ካሸነፈ ከዚሁ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን አስገባዋለሁ።» ሳቄ አመለጠኝ። «ለእነዚህ ልጆች ብለው ነው የተሳሉት?» «ለእነሱማ አይደለም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ። «የተሳልኩት አገር ቤት ኮሌጅ ሳለሁ ነው። እኛም ዓመቱን ሙሉ ስንሸነፍ ከርመን፣ አንድ ጨዋታ ሲቀረን ኮሌጁ ተዘጋና ተበተንን። ማልያችን ልክ እንደነሱ አረንጓዴ ነበር። ከአሥራ አንዳችን ዛሬ የት እንዳለ የማውቀው ራሴን ብቻ ነው።» እኔም ዓይኔን ወደ ሜዳው መለስኩ። ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ልጆቹ ጭቃቸውን እያራገፉ ወጡ፣ ሜዳው ባዶ ሆነ፤ ጋሼ ግን ጥላውን አቅፈው ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። «ጋሼ፣ እንሂድ፤ ጨዋታው እኮ አለቀ» አልኳቸው።

«የነሱ ነው ያለቀው» አሉኝ።