በኪዮቶ የተሠራች እንስራ

ጥር ወር፣ ከሰዓት በኋላ፤ በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ፣ መንገደኞች የአገሩን ባህላዊ ሥራ በእጃቸው እየሞከሩ ከሚማሩበት ቤት ደጃፍ፣ ለዓመት ሥልጠና የመጣው የውሃ መሐንዲስ አምሳሉና ለሁለት ሳምንት ልትጠይቀው የመጣችው ሚስቱ ስንዱ አውቶቡስ እየጠበቁ ነው።

አምሳሉ፦ ሂጂና ድገሚው። አልለቀቀልሽም።

ስንዱ፦ ሁለቴ ታጠብኩ። ውሃው በረዶ ነው።

አምሳሉ፦ ጥፍርሽ ሥር ይታያል።

ስንዱ፦ የአንተም ጥፍር ሥር ይታያል። የጓደኛህ የይሁኔማ እስከ ክርኑ ነው። አሥራ ሁለት መንገደኛ ጭቃ ሲያቦካ ውሎ የእኔ ጥፍር ብቻ ምን አደረገህ?

አምሳሉ፦ የእነሱ ጨዋታ ነዋ!

ስንዱ፦ የእኔስ?

አምሳሉ፦ እሱን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። ጠዋት ኪሞኖ ሲያለብሱን መቀነቱ አልታሰር ብሎሽ ስትስቂ ነበር። ሻዩን በቀርከሃ መምቻ ምቱ ሲሉን ግማሹን ምንጣፍ ላይ ደፋሽው። እንደ ሰው ነበርሽ። ጭቃው ሲመጣ ግን...

ስንዱ፦ ጭቃው ሲመጣስ? ሰው መሆኔ ቀረ?

አምሳሉ፦ ቃል አትምዘዢብኝ። ሰው ሁሉ የሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ጭቃው እየተፈናጠረበት ሲታገል አንቺ ማሽኑን አጠፋሽ። መሬት ላይ ተንበረከክሽ። ሌላው ጭቃውን ያዞራል፤ አንቺ ጭቃውን ትዞሪዋለሽ! ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንስራ አቆምሽ፣ ስንዱ። አንገት ያለው፣ ጆሮ ያለው እንስራ።

ስንዱ፦ ትንሽዬ ናት። ለሕፃን መጫወቻ ብትሆን ነው።

አምሳሉ፦ የት ተማርሽው?

ስንዱ፦ እኛ ጋ ሰሌዳው አይዞርም። ሰው ነው የሚዞረው።

አምሳሉ፦ እኛ ጋ? የትኞቹ እኛ?

ስንዱ፦ ሰምተኸኛል። ያኔም ሰምተኸኛል፤ አስተርጓሚዋ ከአጠገብህ ነበረች።

አምሳሉ፦ እንደገና ከአፍሽ ልስማው።

ስንዱ፦ ሽማግሌው አስተማሪ ከተቀመጡበት ተነሥተው ጎንበስ አሉልኝ። "ከቤተሰብ የወረስሽው ነው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "ስንተኛ ትውልድ ነሽ?" አሉኝ። ሰባት ቤት እቆጥራለሁ፣ ከዚያ በላይ እናቴ ታውቃለች አልኩ። አለቀ።

አምሳሉ፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲሉ ነበር የምሰማው።

ስንዱ፦ ጭቃም ያወጣዋል።

አምሳሉ፦ ትቀልጃለሽ! ይሁኔ እኮ በስልኩ እየቀረጸ ነበር። መጀመሪያ ላይ "ስንዱ ሸክላ ሠሪ ሆነችልን!" እያለ ይስቅ ነበር። መልስሽን ሲሰማ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። አየሁት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ "እኔ በእግሬ እሄዳለሁ" አለ። በዚህ ብርድ!

ስንዱ፦ አብሮን አውቶቡስ እንዳይሳፈር ነው። ለምጄዋለሁ። ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ወንበር ለብቻዬ ነበረኝ፤ ሌላው ለአምስት ሲጣበብ።

አምሳሉ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሽማግሌ ስልክብሽ ሰባት ቤት ሲቆጠር እኔም ወንድሞቼም ቁጭ ብለን ሰምተናል። አጎትሽ አቶ ወንዳፍራሽ አንድ በአንድ ጠርተው...

ስንዱ፦ አጎቴ አይደሉም።

አምሳሉ፦ ምን?

ስንዱ፦ አከራዬ ናቸው። ኮሌጅ ስማር አንድ ክፍል ይዤባቸው ነበር። የቆጠሩት የራሳቸውን ዘር ነው። ለምኛቸው እምቢ ይሉኛል ብዬ ስፈራ "ውሰጂው ልጄ፣ ለእኔም ብዙ አልጠቀመኝ" አሉ።

አምሳሉ፦ የሰው አያት ቅድመ አያት ይዘሽ ቤቴ ገባሽ! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!

ስንዱ፦ ጅብ?

አምሳሉ፦ ተረት ነው እኮ።

ስንዱ፦ ተረት መሆኑን አውቃለሁ። እኛ ሰፈር ግን ተረት ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጆቹ ከኋላ መጥተው ቀሚሴን ይገልቡት ነበር።

አምሳሉ፦ ለምን?

ስንዱ፦ ጅራት ፍለጋ። ቡዳ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ተብለው ነዋ የሚያድጉት። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ተብለው። አንተም ተብለህ ነው ያደግኸው።

አምሳሉ፦ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር አላምንም።

ስንዱ፦ እሱን አይቻለሁ። ሽማግሌው "አሥራ አምስተኛ ትውልድ ሸክላ ሠሪ ነኝ" ብለው ደረታቸውን ሲነፉ ቀድመህ ያጨበጨብከው አንተ ነህ። ሸክላ ሠሪ ሆኖ ደረት መንፋት! አብረውህ ፎቶ እንዲነሡ ተሰልፈህ ጠበቅህ። ሸክላ ሠሪን በሁለት እጅህ ስትጨብጥ ዛሬ ገና አየሁህ።

አምሳሉ፦ እሱ ሌላ ነው። ባህላቸው ነው። ጥበብ ነው።

ስንዱ፦ የእኛስ?

አምሳሉ፦ የእኛ...

ስንዱ፦ በል እንጂ። ጨርሰው።

አምሳሉ፦ አገሩ ይለያያል ነው የምልሽ! እኔ አልፈጠርኩትም፤ አገር ያለውን ነው። ደግሞ ጥፋተኛ አታድርጊኝ። አሥራ አንድ ዓመት የዋሸሽው አንቺ ነሽ። ማንን ነው ያገባሁት? አጠገቤ ስትተኛ የነበረችው ማን ናት? እንዲህ ስል አይቆረቁርሽም?

ስንዱ፦ ይቆረቁረኛል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ትላላችሁ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በቻይና ሳህን በላሁ፣ አንድም ቀን አልጣመኝም።

አምሳሉ፦ እናትሽ ሞታለች አላልሽኝም? አልቅሰሽ?

ስንዱ፦ አልቅሼ።

አምሳሉ፦ ተዝካሯን እናውጣ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ! ድንኳን ልተክል ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ታመምኩ ብለሽ ተኛሽ።

ስንዱ፦ ታዲያ በቁሟ ተዝካር ላውጣላት? ይልቅ ልንገርህ፤ ከጠየቅኸኝ አይቀር። አንተም አይተሃታል።

አምሳሉ፦ እናትሽን? የት?

ስንዱ፦ ልጃችን ሐረግ በታመመች ጊዜ። ሦስት ዓመቷ ነበር።

አምሳሉ፦ ሳንባዋን ያመማት ጊዜ? ያን ጊዜ ቤታችን የመጣ እንግዳ የለም።

ስንዱ፦ እንግዳ አልመጣም። ገንቦ ሻጭ ነች የመጣችው።

አምሳሉ፦ የትኛዋ ገንቦ ሻጭ?

ስንዱ፦ እናትህ "ልጂቱን ዓይን በላት፣ ያቺ በር ላይ የቆመች ሸክላ ሠሪ ናት" አሉ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሎ መርፌ ከወጋት በኋላ ነው ያሉት። አንተ የተማርከው ሰው ዱላ ይዘህ ወጣህ።

አምሳሉ፦ እናቴን ዝም ላሰኛት ብዬ ነው! ልጄ ስታቃስት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አላየሁም። ደግሞ አልመታኋትም። ስንዱ፣ አንዲት ጊዜ አልነካኋትም።

ስንዱ፦ አልነካሃትም። የመታኸው ገንቦዎቹን ነው። በጀርባዋ አዝላቸው ሁለት ቀን ተጉዛለች። አንዱ ሲሰበር ሌላውን በቀሚሷ ከለለችው፤ እሱንም ፈልገህ መታኸው።

አምሳሉ፦ ያቺ አሮጊት...

ስንዱ፦ አሮጊት አይደለችም። ጭቃ የተሸከመ ሰው ያረጃል። ሐረግ ከተወለደች ጀምሮ "ልያት" ስትለኝ፣ "እንዳትመጪብኝ" ስላት ሦስት ዓመት አለፈ። አላስችል ሲላት መጣች። ገንቦ ሻጭ መስላ እንዳልልህ፣ ገንቦ ሻጭ ናት። ሐረግን በደንብ እንድታያት ብዬ በር ላይ አቁሜያት፣ ገንቦውን እያገላበጥኩ ዋጋ የምከራከር እመስል ነበር።

አምሳሉ፦ እኔ ስወጣስ አንቺ የት ነበርሽ?

ስንዱ፦ መስኮቱ ጋ።

አምሳሉ፦ ዝም ብለሽ?

ስንዱ፦ ዝም ብዬ። ቀና ብላ አየችኝና በዓይኗ "ተይ፣ እንዳትወጪ" አለችኝ። አልወጣሁም። አንተ ዱላህን ይዘህ አንድ ጊዜ ነው የወጣኸው። እኔ ያ መስኮት ጋ እስከዛሬ ቆሜያለሁ።

አምሳሉ፦ ለምን አልነገርሽኝም? ያን ቀን ማታ እንኳ?

ስንዱ፦ ብነግርህ ዱላውን ትጥለው ነበር?

አምሳሉ፦ ... እጥለው ነበር።

ስንዱ፦ ቶሎ ብለኸው ቢሆን ባመንኩህ።

አምሳሉ፦ እንዴት ቶሎ ልበል? በአንድ ከሰዓት አማቼን ከሞት አስነሣሽብኝ፤ የሰርጌን ሽማግሌ አከራይ አደረግሽብኝ። ትንፋሽ ስጪኝ እንጂ! ... እሺ። ስሚኝ። የሆነው ሆኗል። ይሁኔን እኔ አናግረዋለሁ። የቀረጸውን ያጥፋው። ሚስቴ እንደመጣች እዚህ ተለማምዳ ነው፣ ለሽማግሌው የመለሰችው ለጨዋታ ነው እለዋለሁ።

ስንዱ፦ ያምንሃል?

አምሳሉ፦ ባያምንም በሥራ አለቃው ነኝ። እኔ አልለወጥብሽም፣ ስንዱ። ቤታችን እንዳለ ይቆያል። እናትሽንም... እጦራታለሁ። በየጊዜው ሰው እልካለሁ። እኔ መሆኔ ሳይታወቅ።

ስንዱ፦ በስውር።

አምሳሉ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? እናቴ ብትሰማ አልጋ ላይ ትወድቃለች። ከዘመድ ወዳጅ ማን ደጃችንን ይረግጣል? እኔስ ይሁን፣ ልጅቷን አስቢ። ቀሚሴን ገለቡት አልሽኝ አይደል? የሐረግን እንዲገልቡት ትፈልጊያለሽ?

ስንዱ፦ እሱን አታንሣ።

አምሳሉ፦ አነሣዋለሁ! አንቺ ስትሸሺ የኖርሽው እሱን አይደለም? እኔን የዋሸሽው ለምንድን ነው? ለዚህ አይደለም? አሁን ለአንድ የጃፓን ሽማግሌ ሰላምታ ብለሽ ሁሉንም ታፈርሺዋለሽ?

ስንዱ፦ ጎንበስ ሲሉልኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ታውቃለህ? ማንም አልነበረም።

አምሳሉ፦ ገብቶኛል። ግን እሳቸው እዚሁ ይቀራሉ፤ እኛ እንመለሳለን። ስለዚህ ዛሬውኑ ለጓደኛሽ ለፀዳለ ደውይላት። ሐረግ የትምህርት ዕረፍቷን እሷ ጋ ማሳለፏ ይብቃ፤ እናቴ ትውሰዳት። ወሬው ቀድሞን አገር ቤት ቢደርስ እንኳ ልጅቷ በወገኗ መካከል ትሁን።

ስንዱ፦ በወገኗ መካከል ናት።

አምሳሉ፦ ፀዳለ ምኗ ናት?

ስንዱ፦ ፀዳለ ጋ አልሄደችም። እኛ መንደር፣ እንዶድ ውሃ ናት። እናቴ ቤት።

አምሳሉ፦ አንቺ ሴት!

ስንዱ፦ ይኸው ሁለተኛ ሳምንቷ። ጭቃ ትረግጣለች፣ ገለባ ትነፋለች። ትናንት ደውላ "እማዬ፣ ድምፁን ስሚ" ብላ የሠራችውን ማሰሮ በጣቷ አንኳኳችልኝ። ከእሳት ሳይሰነጠቅ ወጥቶላታል።

አምሳሉ፦ ሳትጠይቂኝ! ልጄን! ... ሴትየዋ ማን መሆናቸውን ታውቃለች?

ስንዱ፦ አያቷ መሆኗን ከመሄዷ በፊት ነግሬያታለሁ። ከአንተ በፊት አወቀች፤ ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ።

አምሳሉ፦ ስለዚያ ቀንስ?

ስንዱ፦ እናቴ አንድ ሰው ገንቦዎቼን ሰበረብኝ ብላ አጫውታታለች። ስም አልጠራችም፤ ክፉ አፍ የላትም። ሐረግ ግን የያዘችውን ነገር አትለቅም። "እማዬ፣ ያ ሰውዬ ማነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አምሳሉ፦ ምን አልሻት? ስንዱ፣ ምን ብለሽ መለስሽላት?

ስንዱ፦ "አባትሽ ያውቀዋል፤ ሲመጣ እሱን ጠይቂው" አልኳት።