ኔጌቲቭ ሆንሽ ተባልኩና እልል ተባለልኝ

ጣቶቼ ጠመኔ መያዝ እምቢ ካሉኝ ቆይቷል። የቀሚሴን ቁልፍ እንኳ የሚቆልፍልኝ ባሌ ነው። እዚህ አርባ ምንጭ የሚያየኝ ሐኪም «የሰውነትሽ መከላከያ መልሶ ራስሽን እየወጋ ይመስለኛል፤ በአንቲቦዲ ምርመራ እናየዋለን» ብሎ ደሜን አዲስ አበባ ላከው። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ይህን ሲሰሙ ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ዳገቱን እየወጡ፣ ላይ ሴቻ ያለው ቤቴ ድረስ መጥተው «ጌታ ሆይ፣ ምንም አይገኝባት!» እያሉ ጸለዩልኝ። እኔም አሜን እላለሁ፤ በሆዴ ግን «ኧረ ይገኝብኝ» ነበር የምለው። ስም የሌለው ሕመም ሰልችቶኛል።

ውጤቱ መጣ፤ ኔጌቲቭ። ሐኪሙ «አልተገኘም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ገና ሌላ ምርመራ አለብሽ» አለኝ። ይህንኑ ልነግራት ለጸሎት መሪያችን ለእህት አስቴር ደወልኩ፤ «ኔጌቲቭ» ከማለቴ የቀረውን እልልታዋ ዋጠው። እሁድ ስሜ ተጠርቶ ምስክርነት ስጪ ተባልኩ። ጉባኤው ቆሞ እያጨበጨበ «ገና ነው» እንዴት ይባላል? እግሬን እየጎተትኩ መድረክ ላይ ወጣሁ። እህት አስቴር ማይኩን ዘረጋችልኝ። በሁለት እጄ ሞከርኩት፤ አልጨበጥ አለኝ። ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። ከዚያ ራሷ ማይኩን አፌ ሥር ያዘችልኝና ጠጋ ብላ «እህቴ፣ እጅሽ አልተሻለሽም እንዴ?» አለችኝ። ማይኩ ክፍት ስለነበረ አዳራሹ ሁሉ ሰማት፤ ጭብጨባውም ቆመ።

«አልተሻለኝም» አልኩ። የሰጠሁት ምስክርነት ይኸው ነው።